ጌጡ ከመምጣቱ በፊት፦ አሮጌ የቤት ዕቃን በቀለም ስለማስዋብ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም አካሉ ገና ጠንካራ ሆኖ ሳለ መልኩ የወየበውን የቤት ዕቃ በቀለም አድሶና አስውቦ መልሶ መጠቀም ነው። ደብዳቤዎቹን ሳነብ እንደታዘብኩት ጠያቂዎቹ የሚጨነቁት ስለ ጌጡ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጌጡ በፊት የተዘለለ ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ጌጥ የጠየቀ አንባቢ ስለ ሳሙናና ስለ ብርጭቆ ወረቀት ቢመለስለት ጥያቄውን ማቃለሌ እንዳልሆነ ይረዳልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ «ከወላጆቼ የወረስኩትን ቀይ ቡናማ መልክ ያለው ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ በነጭ የውኃ ቀለም ቀባሁት። በማግስቱ ቢጫ የመሰለ እድፍ ከውስጥ ወጣበት። ሁለተኛ እጅ ብደርብበትም ተመልሶ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመቀባቴ በፊት የተሻለ ቀለም ልግዛ ወይስ ሌላ መፍትሔ አለው?»

መልስ፦ ቀለምዎ ጥፋት የለበትም፤ ይሁንና ሦስተኛውም ሆነ ዐሥረኛው እጅ እድፉን አያስቀረውም። እንደ ማሆጋኒ፣ ኦክና ሴዳር ያሉ እንጨቶች ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር በተፈጥሯቸው ይዘዋል፤ ቆዳ አልፊዎች ከዛፍ ቅርፊት የሚያወጡትም ይህንኑ ነው። ታኒን በውኃ ይሟሟል። የውኃ ቀለም ሲቀቡ በቀለሙ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ እንጨቱ ሰርጎ ታኒኑን ያሟሟዋል፤ ቀለሙ በሚደርቅበት ጊዜም ውኃው በገጹ በኩል እየተነነ ሲወጣ ታኒኑን አስከትሎት ይወጣል። አዲስ እጅ በደረቡ ቁጥር ለእድፉ አዲስ ውኃ እያቀረቡለት ነው ማለት ይቻላል።

የሚያስፈልግዎ በእንጨቱና በቀለሙ መካከል ውኃ የማያሳልፍ ግድግዳ ማቆም ነው። ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ከሼላክ የተሻለ አላገኘሁም። ሼላክ በዛፍ ቅርንጫፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ሲሆን፣ በአልኮል እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ እድፉን የሚያግደውም በዚህ ጠባዩ ነው። ነጭ የተቀላቀለበት ሼላክ መሠረት ቀለም ይፈልጉ፤ አሁን ያለውን ቀለም በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ እስኪሆን ብቻ ቀለል አድርገው ይፈግፍጉት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲደርቅ ሁለት ስስ እጅ ይቀቡት። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ለቀጣዩ እጅ ዝግጁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነጩን የውኃ ቀለም ያለ ስጋት መቀባት ይችላሉ። ሽታው ከባድ በመሆኑ መስኮት ይክፈቱ፤ እሳት ያለበት ቦታም አይሥሩ። ብሩሹ የሚታጠበው በአልኮል እንጂ በውኃ እንዳልሆነም አይርሱ።

እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ተቀጥቻለሁ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ስቀባ ጉጥ ያለባቸውን ቦታዎች ብቻ ሳልሸፍን አለፍኩ፤ ሥራው ሲያልቅ ንጹሕ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በእያንዳንዱ ጉጥ ዙሪያ የሳንቲም ስፋት ያለው ቡናማ ቀለበት ወጣ፤ መደርደሪያው ዓይን ያወጣ ይመስል ነበር። ጉጥ ታኒን ብቻ ሳይሆን ሙጫም ስላለው ለብቻው ሁለት እጅ ሼላክ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «በቤተሰባችን ውስጥ ለሁለት ትውልድ ያገለገለ የሕፃን አልጋ አለ። አራት ወይም አምስት ጊዜ የተቀባ ይመስለኛል። ፍቄው በለስላሳ ሰማያዊ ቀብቼ አበባ ልሥልበት አስቤአለሁ። ከየትኛው ብርጭቆ ወረቀት ልጀምር?»

መልስ፦ ከየትኛውም አይጀምሩ። በዚያን ዘመን የተቀባ ዕቃ በውስጡ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ለቀለም ድምቀትና ጥንካሬ ይሰጥ ስለነበር ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ዩናይትድ ስቴትስ ለቤት በሚውል ቀለም ላይ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ሌሎች አገሮች ከዚያ በፊትም በኋላም ከልክለዋል። ደረቅ ቀለም ሲፈገፈግ የሚነሣው ብናኝ ዓይን የማያየው በመሆኑ ወለሉ ላይ፣ ልብስ ላይና እጅ ላይ ይቀራል። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠኑ እንደማይታወቅ ይገልጻል። ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ደግሞ የአልጋውን ጠርዝ መንከሱ የማይቀር ነው።

ከቀለሙ ጥቂት ወስደው በቤተ ሙከራ ያስመርምሩ። እርሳስ ከተገኘበት ማንጻቱን ለባለሙያ ይተዉ። ካልተገኘበትም እንኳ የጥንት አልጋዎች በእንጨቶቻቸው መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ የሕፃን አካል ሊሾልክ ይችላል፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚፈቀደው ከ6 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አበባውን በሌላ ዕቃ ላይ እንዲሥሉት እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ «ወንበሮቼን በኖራማ ደብዛዛ ቀለም ቀብቼ፣ ጥንታዊ መልክ እንዲኖራቸው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳቸው። ውጤቱ ግን ያረጀ ሳይሆን የተቧጨረ ይመስላል። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ የምለው ብዙ ነው። ስህተትዎ በመሣሪያው ሳይሆን በቦታ ምርጫው ይመስለኛል። ዕቃ የሚያረጀው ዝም ብሎ አይደለም፤ እጅ፣ እግርና ልብስ በነካው ቦታ ነው። ከመፈግፈግዎ በፊት አንድ በእውነት ያረጀ ወንበር ፈልገው ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። ከፊት ለፊት ያለው የታችኛው ማገር የላይ ገጹ ተልጧል፤ እግር ስለሚያርፍበት ነው። የጀርባው ማስደገፊያ ሁለት የላይ ጫፎች ተልጠዋል፤ ወንበሩ ሲሳብ እጅ የሚይዘው እነርሱን ነውና። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ለስልሷል። የኋላ እግሮች ግርጌ ተጋግጧል። የጀርባው መሐልና የእግሮቹ የውስጥ ገጽ ግን ቀለማቸው እንዳለ ነው። መሳቢያ ከሆነ ደግሞ በእጀታው ዙሪያ፣ በተለይም ከሥሩ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይለጣል። እርስዎ ሁሉንም ቦታ እኩል ስለፈገፈጉት ዓይን አላመነዎትም።

ለማስተካከል አንድ እጅ እንደገና ይቀቡ፤ ከመቀባትዎ በፊት ግን መለጥ በሚገባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ነጭ ሻማ ያሹባቸው። ሰም ባለበት ቦታ ቀለሙ ስለማይጣበቅ፣ ሲደርቅ በለዘብታ በቁጥር 220 ወረቀት ወይም በአሮጌ ፎጣ ቢያሹት ይለቅና ከሥሩ ያለው ይገለጣል። ከሥሩ ሌላ ቀለም ካለ ውጤቱ ይበልጥ ያምራል፤ ለምሳሌ በደማቅ ቡናማ ላይ የተቀባ ግራጫማ ነጭ፣ ዕቃው ከዓመታት በፊት ሌላ ቀለም እንደነበረው ያስመስለዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድን በንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ዘመን የተስፋፋው ፈዛዛ ግራጫ የቤት ዕቃ ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አርአያ ሆኗል፤ በጊዜው ግን የተሠራው አዲስና ንጹሕ ሆኖ እንጂ ተልጦ አልነበረም።

ስለ ቀለሙ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። የኖራ ቀለም እየተባለ የሚሸጠው ደብዛዛ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዛዊቷ አኒ ስሎን ለገበያ የቀረበው ዓይነት ሲሆን፣ በቀላሉ የሚፈገፈግ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከዚያ እጅግ የሚቀድመው የወተት ቀለም ደግሞ ካዜይን ከተባለው የወተት ፕሮቲን፣ ከኖራና ከማቅለሚያ ዱቄት የሚቀመም ነው፤ ቫርኒሽ ባለበት ገጽ ላይ ሲቀባ በራሱ ፈቃድ እዚህም እዚያም እየተላጠ ይወድቃል። ይህ ለአንዳንዱ በረከት፣ ለአንዳንዱ መከራ ነው፤ የት እንደሚላጥ መወሰን ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። በሰንሰለት መደብደብና በሚስማር የነቀዝ ቀዳዳ ማስመሰል የሚባሉትን ዘዴዎች በተመለከተ ግን አስተያየቴ አጭር ነው፤ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ «የተሰነጣጠቀ መልክ እንዲወጣ በሁለት ቀለሞች መካከል ነጭ የእንጨት ኮላ ቀባሁ። አንድም ስንጥቅ አልወጣም።»

መልስ፦ ስንጥቁ የሚፈጠረው ከላይ ያለው ቀለም በፍጥነት ደርቆ ሲሸማቀቅ፣ ከሥሩ ያለው ኮላ ገና ለስላሳ ሆኖ ስለሚንሸራተትለት ነው። ነጩ ኮላ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከነበረ የላይኛው ቀለም ጠንካራ መሬት ስላገኘ አርፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ኮላውን በጣት ሲነኩት የሚይዝ፣ ነገር ግን ጣት ላይ የማይቀር በሚሆንበት ሰዓት ይቀቡበት። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራው የጥንቱ ሙጫ ግን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ደርቆ እንኳ የላይኛው ቀለም እርጥበት መልሶ ያነቃዋል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ይህኛው ይቀልላል።

ሌላው ምክንያት ብሩሹን መመላለስዎ ሊሆን ይችላል። የላይኛውን ቀለም፣ የግድ የውኃ ቀለም የሆነውን፣ ሞላ አድርገው ነክረው በአንድ ምት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳቡና ተመልሰው አይንኩት፤ ስንጥቁ ዓይንዎ እያየ በደቂቃዎች ውስጥ መከፈት ይጀምራል። ወፍራም እጅ ሰፊ ስንጥቅ፣ ስስ እጅ ደቃቅ ስንጥቅ ይሰጣል። በብሩሽ ሲቀባ ስንጥቁ የብሩሹን አቅጣጫ ተከትሎ ይረዝማል፤ በስፖንጅ ሲለጠፍ የሸረሪት ድር ይመስላል። ደብዛዛ ቀለም ይምረጡ፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡት ውድ የአክሪሊክ ቀለሞች ለዚህ አይሆኑም። በመጨረሻም የእንስሳት ሙጫ ከተጠቀሙ በላዩ የውኃ ቫርኒሽ አይቀቡ፤ ሙጫው ዳግም ይነቃና ሥራዎን ያንሸራትተዋል። የዘይት ቫርኒሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ከተራ ጣውላ የተሠራ ቁም ሣጥን አለኝ፤ በሮቹ በክፈፍና በመሐል ሰሌዳ የተሠሩ ናቸው። የውድ እንጨት መልክ በቀለም ማስመሰል እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ለጀማሪ የሚሞከር ነው?»

መልስ፦ የሚሞከር ነው፤ ከሁሉም የማስዋብ ዘዴዎች ለእኔ ተወዳጁም ይህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሙያው ስመ ጥር የነበረው እንግሊዛዊ ቶማስ ከርሾ እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ሥራውን አቅርቦ ነበር፤ ዕብነ በረድና እንጨት ያስመሰለባቸው ሰሌዳዎቹም በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። እርሱ የደረሰበት ባንደርስም፣ ከሦስት ሜትር ርቀት ዓይንን የሚያታልል በር መሥራት ለታጋሽ ሰው አይከብድም።

ሥራው ሁለት ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥር ጠጣር መሠረት፣ ከላይ ግሌዝ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ስስ ቀለም። የመሠረቱ ቀለም በሚመስሉት እንጨት ውስጥ ካለው እጅግ ብሩህ መስመር ጋር መመሳሰል አለበት፤ ለኦክ የገለባ ቢጫ፣ ለማሆጋኒ ደግሞ የሚያስፈራ የሚመስል ብርቱካናማ ሮዝ። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ብርቱካናማ ሲያዩ ደንግጠው ወደ ቡናማ ይሸሻሉ፤ ግሌዙ ሲያርፍበት ግን የእንጨቱ ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ነው። መሠረቱ በመጠኑ የሚያብረቀርቅ ይሁን፤ ደብዛዛ ከሆነ ግሌዙን ይመጠውና መሣሪያዎ አይንሸራተትም። ግሌዙን አንድ እጅ ቀለም ከአራት እጅ ማቅጠኛው ጋር ቀላቅለው ያዘጋጁ። የውኃው ዓይነት ለመሥራት የሚሰጥዎ ጊዜ ዐሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ሲሆን፣ የዘይቱ ከዚያ የበለጠ ይታገሳል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ይቀቡ።

ግሌዙን በስሱ ካዳረሱ በኋላ ደረቅና ሸካራ ብሩሽ ይያዙ፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳያቋርጡ ይሳቡት። እጅዎ በጥቂቱ ቢንቀጠቀጥ መልካም ነው፤ እንጨት በማስመሪያ አይበቅልም። ቀጥሎ ከወፍራም ካርቶን ጥርሶቹ እኩል ያልሆኑ ማበጠሪያ ቆርጠው አንዳንዱን ቦታ ያበጥሩ። በኦክ ላይ የሚታዩትን ብሩህ ጠቃጠቆዎች ለማውጣት ደግሞ ቀጭን ጨርቅ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ጠቅልለው ግሌዙን እዚህም እዚያም በአጫጭር ምት ይጥረጉ። መጨረሻ ላይ የረጃጅም ፀጉር ብሩሽ ጎን ይዘው ገጹን ከታች ወደ ላይ ቀለል አድርገው ቢደበድቡት፣ ረጃጅሞቹ መስመሮች ተቆራርጠው እንደ እንጨት ቀዳዳ ይሆናሉ። ካልወደዱት በጨርቅ ጠርገው እንደገና መጀመር ይችላሉ፤ ግሌዙ እስካልደረቀ ድረስ የጠፋ ነገር የለም።

አሁን ሥራውን ከሥዕልነት ወደ እንጨትነት የሚያሻግረው ነጥብ ይህ ነው፦ በሩን የሚቀቡት አናጺው በገጣጠመው ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ የመሐሉ ሰሌዳ፣ ቀጥሎ አግዳሚዎቹ፣ በመጨረሻ ቋሚዎቹ። የእያንዳንዱ ቁራጭ መስመር በቁመቱ መሄድ አለበት፤ አግዳሚው ወደ ጎን፣ ቋሚው ወደ ላይ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው መስመሩ ስለት እንደቆረጠው እንዲቆም ያድርጉ። ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ጥሩ የተሠራ በር፣ መስመሮቹ ከቋሚው ወደ አግዳሚው ሳይቆራረጡ በመታጠፋቸው ብቻ ከንቱ ሆኖ ቀርቷል፤ እንዲህ የሚታጠፍ እንጨት የለም። በሩን ከመንካትዎ በፊት በአራትና አምስት ቁራጭ ሰሌዳዎች ላይ ይለማመዱ፤ የወደዱትን ቅልቅል መጠን ከጀርባቸው ይጻፉ፤ ነገ አይታወስምና።

ርካሽ ግሌዝ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ኮምጣጤ፣ ጥቂት ስኳርና የማቅለሚያ ዱቄት ቀላቅሎ መጠቀም ይችላል፤ ይህ የቆየ የሙያተኞች ዘዴ ነው። ነገር ግን ቫርኒሽ እስኪቀባበት ድረስ አንዲት የውኃ ጠብታ ታጠፋዋለች።

ጥያቄ፦ «ገጹ እንጨት ሳይሆን የሚያንሸራትት ፎርማይካ ነው። ይቀባል?»

መልስ፦ ይቀባል፤ ግን የሚይዘው ካገኘ ነው። ቅባቱን በሳሙናና በውኃ ያስለቅቁ፤ ሳሙናው እንዳይቀር ደጋግመው ያለቅልቁት፤ በቁጥር 220 ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይፈግፍጉ፤ ለለስላሳ ገጽ የሚሆን አጣባቂ መሠረት ቀለም ይቀቡ። ቀለሙን ከመደረብዎ በፊት መሠረቱን አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩትና በማይታይ ጥግ በምላጭ የመረብ ቅርጽ ቆርጠው ፕላስተር ለጥፈው በኃይል ይንቀሉት። ከፕላስተሩ ጋር ቀለም ከመጣ መሠረቱ አልያዘም፤ ጌጡን በዚያ ላይ ማሳረፍ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ «የመሳቢያ ፊቶችን በአበባ ሥዕል ባላቸው ወረቀቶች ለብጬ ቫርኒሽ ቀባሁ። ወረቀቱ አረፋ አወጣ፣ የአንዳንዱ ሥዕል ቀለምም ፈሰሰ።»

መልስ፦ የፈሰሰው ቀለም በቤት ማተሚያ በፈሳሽ ቀለም የታተመ ወረቀት መሆኑን ይጠቁማል። በሌዘር ማተሚያ የታተመ አይፈስም፤ ሌላውን ግን ከመለጠፍዎ በፊት በሚረጭ ቫርኒሽ ፊቱንም ጀርባውንም ያሽጉት።

አረፋው የተፈጠረው ወረቀቱ ኮላ ሲነካው ስለሚለጠጥ ነው። ኮላውን በወረቀቱ ጀርባም በእንጨቱም ላይ ቀብተው ሁለት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ተለጥጦ ይጨርስ። ከዚያ አስቀምጠው በእርጥብ ስፖንጅ ከመሐል ወደ ዳር ይጫኑት። የቀሩትን አረፋዎች በምላጭ ጫፍ ሰንጥቀው በጥርስ መጎርጎሪያ ትንሽ ኮላ ያስገቡባቸው፤ ሲደርቅ አይታይም። ይህ ጥበብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ ሲስፋፋ ከእስያ በሚመጣው፣ ላኬር በሚባለው ውድ አንጸባራቂ ቅብ ምትክ ያገለግል ስለነበር «የድኻ ላኬር» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት ነበር። ላኬር የሚያስመስለው ግን የቫርኒሹ ብዛት ነው። የወረቀቱ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ ድረስ ስምንት ወይም ዐሥር ስስ እጅ ይደርቡ፤ ከአምስተኛው እጅ በኋላ በየመሐሉ በቁጥር 400 ወረቀት ከውኃ ጋር ያለስልሱ። ከዚያ በፊት ከነኩት ወረቀቱን ይልጡታል።

ጥያቄ፦ «በመስታወቴ ክፈፍ ላይ የለጠፍኩት የወርቅ ቅጠል በአንድ ዓመት ውስጥ ጠቆረ። ወርቅ ይጠቁራል?»

መልስ፦ ወርቅ አይጠቁርም፤ የለጠፉት ወርቅ አልነበረም። በርካሽ የሚሸጠው ቅጠል የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አየርና የእጅ ላብ ያጠቁሩታል። እውነተኛው ቅጠል ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ዐሥር ሺኛ ክፍል ያህል ስለሆነ እስትንፋስ ያበረዋል፤ የእርስዎ በእጅ የሚያዝ ከነበረ መልሱ በዚያው ይታወቃል። ቅይጡን መጠቀም ግን ነውር አይደለም፤ በተለጠፈ ማግስት በሼላክ ይታሸግ። ከሥሩ ጡብ መሳይ ቀይ መሠረት ቢቀቡ ደግሞ ቅጠሉ በተሰነጠቀበት ቦታ ቀዩ ብልጭ እያለ ለወርቁ ሙቀት ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ «ነጭ የቀባሁትን ጠረጴዛ በዘይት ቫርኒሽ ሸፈንኩ፤ በወራት ውስጥ ወየበ። ከዚህም ሌላ የአበባ ማስቀመጫ ባስቀመጥኩ በሦስተኛው ቀን ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የመጨረሻው ሽፋን ምን ቢሆን ይሻላል?»

መልስ፦ የዘይት ቫርኒሽ ሁሉ እያደር ይወይባል፤ በጥቁርና በቡናማ ላይ ያምርበታል፤ በነጭ ላይ ግን የጥርስ መልክ ይሰጠዋል። ለነጭና ለፈዛዛ ቀለሞች ፖሊዩሬቴን የሚባለውን የውኃ ቫርኒሽ ሦስት ስስ እጅ ይቀቡ፤ በጣሳው ውስጥ ቀስ ብለው ያማስሉት እንጂ አይናጡት፤ አረፋው ገጽ ላይ ይቀራል። ሰም ለሚነካካ ጠረጴዛ አይመከርም፤ ሙቀትና ውኃ ምልክት ይተዉበታል። ለመሳቢያ ፊትና ለክፈፍ ግን ከሰም የተሻለ ለስላሳ ገጽ የሚሰጥ የለም። አንድ ጊዜ ሰም የተቀባ ገጽ ላይ ቫርኒሽ እንደማይይዝ ግን ያስታውሱ፤ ከሁለቱ አንዱን አስቀድመው ይምረጡ።

መጣበቁን በተመለከተ፣ ቀለም ሲነካ መድረቁና መጠንከሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙዎቹ የውኃ ቀለሞች በሁለት ሰዓት ሲነኩ ደረቅ ይመስላሉ፤ ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ በጠረጴዛው ላይ ከባድ ነገር አያስቀምጡ፤ መሳቢያዎችንም በጥቂቱ ከፍተው ይተዉአቸው። የተጣበቀውን ማስቀመጫ ለማላቀቅ ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብተው እንደ መጋዝ ይሳቡ፤ የተላጠውን ቦታ በቁጥር 320 ወረቀት አለስልሰው በትንሽ ብሩሽ ይሙሉት።

የዘይት ቫርኒሽ ወይም የዘይት ግሌዝ የተጠቀማችሁ ሁሉ ደግሞ ይህን አስተውሉ። በተልባ ዘይት ወይም ዘይት ባለበት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከመር፣ ዘይቱ በሚደርቅበት ጊዜ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ማንም አቀጣጣይ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ጨርቁን በደጅ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ በሞላ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ንከሩት።